ዛሬ ስንት ነሽ?

ይህን የምጽፈው አደጋ ደርሶባቸው አጥንታቸው ገጥሞ፣ ጠያቂው ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ እነሱ ግን ገና ከአደጋው ቦታ ላልተመለሱ ሰዎች ነው። ሐኪም አይደለሁም። አያት ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ ወሎ ሰፈር አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ላይ የምሠራ፣ ባልና አንዲት ልጅ ያለኝ ሴት ነኝ። ሥራዬ ፈገግ ማለት ነው። እንግዳው ሳሙና እንደተቀባ ውሃ ሄዶበት ቢደውል እንኳ ፈገግ ብዬ «ሁሉም ነገር ደህና ነው ጌታዬ» እላለሁ። ይህንን ሙያዬን ሕመሜም ላይ ሠራሁበት። ዓመት ሙሉ የተንገላታሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

አደጋው የደረሰብኝ ጠዋት ሥራ ስሄድ ነው። ጊዜው ከተማው በሙሉ የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ነበር፤ ከአያት እስከ መገናኛ መንገዱን የሞሉት አሸዋና ብረት የጫኑ መኪኖች ነበሩ። ታክሲ ተራው ላይ ተሰልፌ ደረሰኝና ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን፣ ልገባ እግሬን ሳነሳ ከኋላዬ አንዲት እናት መጡ። በእጃቸው አንድ ፌስታል ሙሉ እርጥብ በሶብላ ይዘዋል። ጉልበታቸውን ሲያሻሹ አየሁና «ይግቡ እማማ፣ እኔ ከኋላ እገባለሁ» አልኳቸው።

«ተባረኪ ልጄ» አሉኝ።

ማንም የሚያደርገው ነገር ነው። እኔም ከኋላ ገብቼ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ሲኤምሲን አለፍ እንዳልን አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከመጋቢ መንገድ ወጥቶ በጋቢናው በኩል መጣብን። ሰው ሁሉ ስለ ድምፁ ይጠይቀኛል። እኔ ድምፁን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ሽታውን ነው። ታክሲው ውስጥ የተጨፈለቀ በሶብላ ሸተተ። እግሬን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም፤ ከፊቴ ያለው ወንበር ታፋዬ ላይ ተጣጥፏል። «እማማ፣ እማማ» እያልኩ ተጣራሁ። አልመለሱልኝም። እዚያው አርፈው ነበር፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

የግራ ታፋዬ አጥንት ለሁለት ስለተሰበረ ብረት ገባልኝ። ሆስፒታልም ቤትም ጠያቂ ጎረፈ። የኛ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ ብርቱካኑን አስቀምጦ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ «እስቲ እንዴት ነው የሆነው?» ይላል። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረክሁ። ስንት ጊዜ እንደተረክሁት አላውቅም፤ ሁልጊዜ ግን አንዲት ነገር እዘል ነበር። ጋቢናው የኔ ተራ እንደነበረ ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት ጎረቤቴ ጭራሽ «አየሽ፣ ከኋላ ያስቀመጠሽ እሱ ነው፤ ሲጠብቅ እንዲህ ነው» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው። እኔ ግን የያዝኩትን የውሃ ብርጭቆ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔን ለመጠበቅ ሌላ ሰው እዚያ ማስቀመጥ ነበረበት ማለት ነው?

«አሁንስ እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል? ከሞት ተርፎ «ደህና አይደለሁም» የሚል ሰው ውለታ ቢስ ይመስላል።

ሕመሙ የጀመረኝ ምርኩዜን ከጣልኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሽሮ መጣብኝ። ባለቤቴ ዳዊት ድስቱን ሲከፍት የሽሮው በሶብላ ሸተተኝና ሮጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ አስመለሰኝ። በማግስቱም እንዲሁ። ዳዊት ለሶስና፣ ለሰባት ዓመቷ ልጃችን፣ ወንድም የመጣ መስሎት ደስታውን መደበቅ አቃተው። ክሊኒክ ሄድን፤ እርግዝና የለም፣ ጨጓራ ነው ተባለና የሚዋጥ ተሰጠኝ። ቀጥሎ እጄ መንቀጥቀጥና ላብ ማላብ ጀመረኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ ደሜን አይቶ ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ አለኝ። በዚህ ከተማ ክሊኒክ ገብቶ ከሁለቱ አንዱን ሳይቀበል የወጣ ሰው ካለ አሳዩኝ። መድኃኒቱን በሥርዓቱ ጨረስኩ። ጸበልም ተጠመቅሁ፤ እዚያ አልቅሼ ስለወጣልኝ ጥቂት ቀን እንቅልፍ አገኘሁ። ግን የታክሲ በር ተንሸራቶ ሲዘጋ «ጓ» ሲል በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይታፈናል፣ ጆሮዬ ይደነቁራል፣ እግሬ መሬት ላይ መሆኑን ማወቅ ያቅተኛል። ልሞት ነው እላለሁ። ሐኪሞቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ «ሌላስ የሚሰማሽ ነገር አለ?» ይሉኝ ነበር። እኔም ሁልጊዜ «ሌላው ደህና ነው» እላቸዋለሁ።

ሥራ ስመለስ ታክሲ መሳፈር አልቻልኩም። ባቡሩ ስላለልኝ ከአያት ስቴዲየም ድረስ በባቡር እሄድና ከዚያ በኦሎምፒያ በኩል ወሎ ሰፈር ድረስ ብረት ባለው እግሬ አዘግማለሁ። ለዳዊት «ለእግሬ ስፖርት ነው» አልኩት። ባቡሩ ሲጨናነቅ ወይም መብራት ሲጠፋ እዘገያለሁ። አለቃዬ ወይዘሮ አልማዝ መጀመሪያ ታገሱኝ፣ ከዚያ ገሠጹኝ። «ልጄ፣ የጠዋት ፈረቃ ማለት እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ እዚያ የሚቆም ሰው ማለት ነው። ችግር አለብሽ?» አሉኝ። «የለም፣ ደህና ነኝ» አልኳቸው።

ያወጣኝ ሦስተኛው ሐኪም ነው። ልቤ ነው ብዬ ስለሄድኩ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው መረመሩኝ። ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱን አይተው «ልብሽ ከኔ ልብ ይሻላል» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ይመታል ወይስ ታክሲ ስታዪ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ በቂ ነበር መሰለኝ፣ ወደ አእምሮ ሐኪም የሚያስተላልፍ ወረቀት ጻፉልኝ።

ዳዊት ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። «አእምሮ? አንቺ?»

«ስህተት ይሆናል» አልኩት። ሁለታችንም ስህተት እንዲሆን ፈልገን ነበር።

ስለዚያ መጠበቂያ ክፍል ላጫውታችሁ። ሌላ ክሊኒክ ሰው ጎኑ ካለው ጋር ስለ በሽታው ያወራል፤ እዚያ ግን ሁሉም ግድግዳ ያያል። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ነበረች፤ ቀና ስትል የኛው ብሎክ ጎረቤቴ ሆና ተገኘች። ያቺው «ሲጠብቅ እንዲህ ነው» ያለችኝ። ሁለታችንም ደረቅን። «ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እኔም» አልኳት። ሦስት ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠን የማይመጣውን ሰው ጠበቅን።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትናገራለች። ሕመሜ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት እንደሚባል፣ ሰውነቴ አደጋው ማለፉን ገና እንዳላመነ፣ ልግመትም ዕብደትም እንዳልሆነ፣ ስሙ እንዳያስፈራኝ፣ እንደሚታከም ነገረችኝ። «ችግሩ» አለችኝ፣ «በሽተኛ ብዙ ነው፣ እኔ የማገኝሽ በወር አንዴ ነው። በመሃል ያለውን ስልክሽ ይርዳሽ።» ለእንዲህ ያለ ሕመም የተሠራ አንድ መተግበሪያ ስልኬ ላይ አወረደችልኝ። እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ እንጀራዬ ነው። የሚሰፋና የሚጠብ ክብ አለው፤ ከሱ ጋር ትተነፍሳላችሁ። ሲጨንቃችሁ በዓይን የሚታዩ አምስት ነገሮችን በስም እንድትጠሩ ያደርጋል። የሚፈራውንም ነገር እንደ ደረጃ ከፋፍሎ ከታች ያስጀምራል። በየጠዋቱ ደግሞ ይጠይቃል፦ ዛሬ ጭንቀትሽ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው? ዜሮ ምንም የለም፣ አስር ከዚህ በላይ አልችልም ማለት ነው።

አሁን ጉዴን ልናገር። በመጀመሪያው ጠዋት ባቡር ውስጥ ሆኜ ስልኩ «እንዴት አደርሽ? ዛሬ ስንት ነሽ?» ሲለኝ ዜሮን ነካሁ። ሳላስብ ነው። «እንዴት አደርሽ» ላለኝ ሁሉ የምመልሰው እሱን ነዋ! በማግስቱም ዜሮ። ሁለት ወይም ሦስት ልል ጣቴ ይነሳል፣ ደግሞ እንደማማረር፣ ያተረፈኝን እንደመክሰስ ይመስለኛል። ባል፣ ጎረቤት፣ አለቃ ይቅር፣ ማሽን ዋሸሁ። ማሽኑ ምስኪን፣ አመነኝ። በአምስተኛው ቀን ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ወረቀት በተነልኝ፤ ጎበዝ አለኝ። ዜሮ ካልኩ ደግሞ የመተንፈሻውንም የደረጃውንም ልምምድ አያመጣልኝም፤ ለጤነኛ ሰው ምን ያደርግለታል?

በወሩ ሐኪሟ ስልኬን ተቀብላ ተመለከተች። ሙሉውን ወር ዜሮ። «ይህ እውነት ነው?» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ትንሽ አየችኝ፤ ከበር ውጭ ግን ኮሪደር ሙሉ ሰው አለ። ቀጣዩን ቀጠሮ ወደ ሦስት ወር አራቀችው። ወጥቼ ታክሲ የሞላበትን መንገድ ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተራመድኩ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ሶስናን ከትምህርት ቤት ሰርቪስ አስወጣኋትና ዳዊት በእግር እንዲያደርሳት አደረግሁ። «ልጅቷን ቤት ውስጥ ልትቆልፊያት ነው?» ብሎ ተቆጣ። ቤታችን ውስጥ ሽሮ የሚባል ነገር ቀረ። ሥራ ቦታ ደግሞ ወይዘሮ አልማዝ ደብዳቤ ሰጡኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ብዘገይ ስንብት ነው ይላል። እጃቸው እየከበዳቸው ነው የሰጡኝ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አጥፌ ለዳዊት አላሳየሁትም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሶስና ከጓደኞቿ ጋር ብሎካችን ሥር ስትጫወት ቆይታ ገባች። ጸጥ ብላለች። «ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ቁርጥ እኔን። ምሳ ሰጠኋት። በግራ እጇ በላች። ዳዊት «ያቺን እጅሽን አምጪ» ብሎ እጅጌዋን ሲሰበስብ ክንዷ አብጦ ጠቁሯል። ከደረጃው ወድቃ ነው። ከወደቀች ሁለት ሰዓት አልፏታል፤ አንዲት እንባ አላፈሰሰችም።

ዳዊት ታክሲ ጠራ። እኔ ልገባ አልቻልኩም። ልጄ ክንዷን ታቅፋ ታየኛለች፣ በሩ ተከፍቷል፣ እግሬ አይነሳም። ዳዊት አንዴ አየኝና አቅፏት ገባ። እኔ ቅርብ ያለው ክሊኒክ በእግሬ ሮጬ ደረስኩ። ከዚያ ቀን በላይ ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

መጠበቂያው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነርሷ «ያምሻል እንዴ የኔ ቆንጆ?» ስትላት «አያመኝም» እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እውነቱን እንድትነግረኝ ፈልጌ ስልኬን አወጣሁና ቁጥሮቹን አሳየኋት። «ከዜሮ እስከ አስር ስንት ያምሻል? ምንም ካላመመሽ ዜሮ ነው።»

ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። የኔ ዜሮዎች ተደርድረዋል። «ይሄ ያንቺ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«አንቺ ዜሮ ካልሽ እኔም ዜሮ» አለች።

ክሊኒኩ በሰው ተሞልቷል። ዳዊት ከፊታችን ቆሟል። ልጄ የተሰበረ ክንዷን ይዛ እኔን ላለማሳፈር ጥርሷን ነክሳለች። ማን አስተማራት? ስልኩን ከእጇ ወስጄ ቁጥሩን ነካሁና መልሼ አሳየኋት።

«እማዬ ዘጠኝ ናት» አልኳት። «በፊት የነበረው ውሸት ነው።»

«እኔ ስምንት ነኝ» አለችና አገር ምድሩን የሚያናውጥ ለቅሶ ለቀቀችው። እኔም አብሬያት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፤ ይየን።

ክንዷ ተጀሶ ቤት ስንገባ ለዳዊት ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ዜሮዎቹን፣ በመጨረሻም ጋቢናውን። «የኔ ቦታ ነበር» አልኩት። «እኔ ነኝ ይግቡ ያልኳቸው።» ይጠላኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቦታውን ባትሰጪያቸው ኖሮ ነበር አንቺ መሆንሽን የምጠራጠረው» አለኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ደግሞ ስለተረፍሽልኝ ደስ ብሎኛል። በሰው ሞት ደስ ይበለኝ ማለቴ አይደለም። ግን ደስ ብሎኛል።» ያን ያህል ጊዜ እሱም ይህን የሚነግረው ሰው አጥቶ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ሰኞ ሐኪሟ ጋ ያለ ቀጠሮ ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ስልኬን ሰጥቼ «ዋሽቻለሁ» አልኳት። አልተቆጣችም። «ስንት ሰው ነው እዚህ ተቀምጦ ደህና ነኝ የሚለኝ መሰለሽ» አለች። ለወይዘሮ አልማዝ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ወይዘሮ አልማዝ አንብበው «ይሄንን አፍ አውጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉና ለሁለት ወር የከሰዓት ፈረቃ ሰጡኝ። «ከሁለት ወር በኋላ ግን ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ እዚህ ትቆሚያለሽ፤ አለበለዚያ የኔም እጅ የታሰረ ነው።»

ከዚያ ሥራው ተጀመረ፤ ሥራ ነው የምለው ሥራ ስለሆነ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለውን ደረጃ ከሐኪሟ ጋር በራሴ ኑሮ ሞላሁት። የመጀመሪያው ከመንገድ ማዶ ቆሞ የታክሲ በር ሲዘጋ መስማት ነው። ቁጥሬ ስምንት። ክቡ ሲሰፋ አየር ማስገባት፣ ሲጠብ ማስወጣት፣ አምስት የማያቸውን መጥራት፦ የስልክ እንጨት፣ ጫማ ጠራጊ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ውሻ፣ የኔ ጫማ። እዚያው ሳልሸሽ ስቆይ ስምንቱ ስድስት ይሆናል። ይህን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ በጣቴ ስመዘግበው ግን አየሁት። ሁለተኛው የቆመ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ነበር። የአያት ተራ አስከባሪ፣ ጋሽ ቶላ የሚባሉ፣ ደህና መሆኔን ለማየት ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«የት ነሽ እህቴ?»

«የትም። መቀመጥ ብቻ ነው።»

«መቀመጥ ብቻ? ታክሲ ነው እኮ፣ ሶፋ አይደለም!» አሉ። አደጋውን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ያን መኪና ያን ጠዋት ያሰለፉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ስመጣ ሳልጠይቃቸው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ታክሲ በር ይከፍቱልኝ ነበር። በሶብላውንም በደረጃው ውስጥ አስገባነው፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ኋላ በእጅ፣ ኋላ ሽሮ ውስጥ። የወደቅሁበትም ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ከዳዊት ጋር ገና ሲኤምሲ ሳንደርስ ጮኼ ወርጃለሁ፤ ያን ቀን አስር ነው የመዘገብኩት። ስልክ ብቻውን አያድንም፤ ሐኪም ካላየው መንገድ ሊያስታችሁ ይችላል፣ በተለይ ከዋሻችሁት።

ቤታችን ውስጥ «እንዴት ዋልሽ?» ቀረ። ሶስና ናት የጀመረችው። ከበር ስገባ «ስንት ነሽ?» ትለኛለች። «አምስት። አንቺስ?» «ሁለት። ሒሳብ ተምረን ነበር።» ዳዊትም በጽሑፍ መልእክት ይጠይቀኛል። ጎረቤቴን እንኳ ደረጃ ላይ አግኝቻት፣ «እኔ ያን ቀን ሰው ልጠይቅ አልነበረም የሄድኩት» አልኳት። ከረጢቷን ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችና «እኔም» አለችኝ።

ሁለት ወሩ አለቀ። የጠዋቱ ፈረቃ በጀመረበት ዕለት ብቻዬን ታክሲ ተራው ላይ ቆምኩ። ባቡር ብይዝ አልደርስም፤ ሰልፉን ብለቅ ሥራዬን ለቀቅሁ ማለት ነው። ቁጥሬ ሰባት። ታክሲው መጣ፣ ሰው ገባ፣ ተራዬ ሲደርስ የቀረው አንድ ጋቢናና አንድ የኋላ ወንበር ነው። ጋቢናን በደረጃዬ ውስጥ አልጻፍኩትም ነበር። የኋላው ይሻለኛል ብዬ ልገባ ስል ጋሽ ቶላ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ። ሰልፉ ሁሉ ለሽማግሌው ቦታ ለቀቀ። እግራቸው ለኋላው ወንበር አይሆንም። ወደ ጋቢናው አዩ፣ ከዚያ ፊት ላይ የቆምኩትን እኔን አዩ። ፈቃዴን ነው የሚጠይቁት።

ዘጠኝ ሆንኩ። ያንኑ ቃል ደግሜ ልላቸው ነው? ራሴ ገብቼ ጋቢናው ላይ ልቀመጥ? ወይስ ጥያቸው ልሩጥ? ጋሽ ቶላ ገብቷቸዋል፤ በሩን ይዘው ቆሙ። አምስት ነገር ፈለግሁ፦ ከዘራ፣ የበሩ እጀታ፣ ከመስኮቱ በላይ የተለጠፈ ጽሑፍ፣ የጋሽ ቶላ ፊሽካ፣ የሽማግሌው እጅ። እጃቸው ከዘራውን ጨብጦ መልሴን ይጠብቅ ነበር።

«ይግቡ አባባ» አልኳቸው። «እኔ ከኋላ እገባለሁ።»

«ተባረኪ ልጄ» አሉኝ።

ገባሁ። በሩ «ጓ» ብሎ ተዘጋ። እስከ ሲኤምሲ ድረስ ዓይኔን ከነጭ ጸጉራቸው አልነቀልኩም፤ ጸጉራቸው በታክሲው ንዝረት ይነቃነቃል። ያ መጋቢ መንገድ መጣ። እየተነፈስኩ ቆጠርኩ። አለፈ። መገናኛን አልፈን ወደ ቦሌ ስንታጠፍ ሽማግሌው ከሹፌሩ ጋር ስለ መንገዱ ቁፋሮ እየተጨቃጨቁ ነበር።

ወሎ ሰፈር ሲደርስ «ወራጅ አለ!» አልኩ። ድምፄ ከልክ በላይ ጮኸ መሰለኝ፣ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ዘላ ተነሳች። ወርጄ በጋቢናው መስኮት አጠገብ ሳልፍ ሽማግሌው ብቅ አሉ።

«ደህና ዋይ ልጄ» አሉኝ።

«ደህና ይዋሉ አባባ» አልኳቸው፤ ታክሲው እስኪሰወርም ቆሜ አየሁት።

አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል። ስልኬ ጮኸ፤ ዳዊት ነው። «ስንት ነሽ?» ይላል። ትንሽ አሰብኩና «ስድስት፣ ደርሻለሁ» ብዬ ጻፍኩለት፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ገባሁ።